ስለ ዕረፍትና ስለ ባሕር ዳርቻ ምርጫ

ሰውን በሥራው ጊዜ ያየ ሁሉ ጠባዩን ያወቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ሰው በሥራ ላይ ሳለ ብቻውን አይደለም፤ አለቃው ያየዋል፥ ሰዓቱ ይቈጥረዋል፥ ደመወዙም ልጓም ሆኖ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰነፉ ትጉህ፥ ቍጡው ታጋሽ፥ ስስታሙም ቸር መስሎ ሊውል ይችላል። አዛዡ ሁሉ ዘወር ብሎ፥ ገንዘቡም ጊዜውም በእጁ ገብቶ፥ «እንግዲህ የወደድኸውን አድርግ» በተባለ ጊዜ ግን የተሸሸገው ጠባይ ይገለጣል። የሰውን ጠባይ ለመመርመር የሚፈልግ እንግዲህ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ዕረፍቱንም ይመልከት፤ ምን እንደሚያደክመው ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያስደስተውም ይጠይቅ።

በኛ አገር ዝናሙ በሚበረታበት በጁላይና በኦገስት ወር በአውሮፓ በጋ ነው። በዚያ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፥ መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኞቻቸውን ለዕረፍት ያሰናብታሉ፥ ሕዝቡም ወደ ባሕር ዳር ይጐርፋል። ከወገኖቻችንም መካከል ኑሯቸው በዚያ የሆነ ብዙዎች ልጆቻቸውን ይዘው ከዚሁ ሕዝብ ጋር ይሄዳሉ። ተጓዡ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ «ከዚህ ሁሉ ዳርቻ የትኛውን ልምረጥ?» የሚል ነው። አሸዋው የነጣ፥ ውሃው የጠራ፥ ዋጋው የረከሰ፥ ስሙም የታወቀ እየተባለ ይመዘናል። ይህ ምርጫ የጣዕም ነገር ነው እንጂ የግብረ ገብ ነገር አይደለም የሚሉ አሉ፤ «አንዱ ማር፥ አንዱ ቅቤ ቢወድ ማን ይፈርድበታል?» ይላሉ። ይህ አባባል እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው ያስተውል።

በመጀመሪያ ዕረፍትን ራሱን እንዳንንቅ እንጠንቀቅ። «ባሕር ዳር ተኝቶ ፀሐይ መሞቅ የሥራ ፈት ጠባይ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን የተቻኰለ ይሆናል። በአውሮፓ ከብዙ ዘመን በፊት ባሕር የሚፈራ እንጂ የሚናፈቅ ነገር አልነበረም፤ በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ሐኪሞች በባሕር ውሃ መታጠብን እንደ መድኃኒት ማዘዝ ከጀመሩ ወዲህ ባለጠጎች ወደ ዳርቻው መውረድ ለመዱ። ድኻው ግን ከፋብሪካውና ከማዕድን ጕድጓዱ ነጻ የሚሆንበት ጊዜ አልነበረውም። በፈረንሣይ አገር በ1936 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ሠራተኛው ሁሉ ደመወዙ ሳይቋረጥበት በዓመት ሁለት ሳምንት እንዲያርፍ ተፈቀደለት፤ በዚያም በጋ ዕድሜያቸውን ሁሉ ባሕር አይተው የማያውቁ ሰዎች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። እንግዲህ ዕረፍት ከብዙ ድካምና ከብዙ ትግል በኋላ የተገኘ የሰው ልጅ ሀብት ነው። ነገር ግን ሀብት ሁሉ አያያዝ ይፈልጋል፤ ገንዘብን ያለ አግባብ ማጥፋት እንደሚነቀፍ፥ ዕረፍትንም ያለ አግባብ ማጥፋት ይነቀፋል።

እንግዲህ ዳርቻ የሚመርጥ ሰው ለራሱ ሊያቀርብ የሚገባው ሦስት ጥያቄ አለ። አንደኛው፥ የምመርጠው በማን ዓይን ነው? ሁለተኛው፥ መልካም የምለው በእውነት መልካም ነውን? ሦስተኛው፥ የምሄድበት ቤት የማን ነው? የሚሉት ናቸው።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንንገር። በታይላንድ አገር ፊ ፊ ሌ በምትባል ትንሽ ደሴት ማያ የሚባል የባሕር ሰላጤ አለ። ረዣዥም ገደል ዙሪያውን ከቦት፥ አሸዋው ነጭ፥ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በ2000 ዓ.ም. ማንም ያልደረሰበትን ስውር ዳርቻ ስለሚፈልጉ ወጣቶች የሚናገር «ዘ ቢች» የሚባል ፊልም ወጣ፤ ፊልሙም የተነሣው በዚሁ በማያ ነበር። የሚያስደንቀው ነገር፥ ፊልም ሠሪዎቹ ዳርቻው እንዳለ አልበቃቸው ብሎ ይበልጥ እንዲያምር ዘንባባ ተክለውበት ነበር። ፊልሙ ከታየ በኋላ ሰው ሁሉ ስውሩን ቦታ ለማየት ተነሣ፤ ስውርነቱም በዚያው ቀረ። በኋላ ጊዜ በቀን እስከ 5000 የሚደርስ ሰው ይጐርፍበት ጀመር። ጀልባዎቹ መልሕቃቸውን እየጣሉ፥ ሰዉም እየረገጠ በባሕሩ ውስጥ የነበረውን ኮራል አጠፉት። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው፥ ለማደግም ብዙ ዘመን የሚፈጅ ፍጥረት ነው።

በጁን 2018 ዓ.ም. የአገሩ መንግሥት ሰላጤውን ዘጋው፤ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላም በጃንዋሪ 2022 ከፈተው። በተዘጋበት ጊዜ ሠራተኞች ኮራሉን እየለቀሙ እንደ ችግኝ ተከሉት፤ ርቀው የነበሩትም ትናንሽ ሻርኮች ተመልሰው በጥልቅ በሌለው ውሃ ዳር ሲመላለሱ ታዩ። አሁን ጀልባ ወደ ሰላጤው ውስጥ አይገባም፤ የጐብኚው ቍጥር ተወስኗል፤ መዋኘትም ተከልክሏል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ ብለህ ተመልከት። በቀን አምስት ሺህ ሰው ወደዚያ የሄደው ጸጥታ ፈልጎ ነውን? በአምስት ሺህ ሰው መካከል ጸጥታ የለም። ለመዋኘት ነውን? በታይላንድ የሚዋኙበት ዳርቻ ብዙ ነው። አብዛኛው የሄደው በዚያ ለመሆን ሳይሆን በዚያ እንደ ነበረ ለመታየት ነው። ቦታውን በገዛ ዓይኑ አልመረጠውም፤ የመረጠው በሌሎች ዓይን ነው። በሌላ ሰው ዓይን የሚመርጥ ሰው ደግሞ ሊጠግብ አይችልም፤ የሌላው ሰው ዓይን ነገ ወደ ሌላ ቦታ ይዞራልና፥ እሱም ተከትሎ መሮጥ ይገደዳል። ይህ ዕረፍት አይባልም፤ ደመወዝ የሌለው ሥራ ነው።

ስለዚህ ለወጣቶች የምንመክረው መፈተኛ ይህ ነው። ቦታ ከመምረጥህ በፊት፥ «ወደዚያ ሄጄ መመለሴን ለማንም እንዳልናገር፥ ፎቶግራፍም እንዳላነሣ ብገደድ፥ ይህንኑ ቦታ እመርጥ ነበርን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። «አዎን» ካልህ ምርጫው የራስህ ነው። «አይደለም» ካልህ ግን የምትገዛው ዕረፍትን ሳይሆን ጭብጨባን መሆኑን እወቅ።

ሁለተኛው ጥያቄ መልካም የምንለው በእውነት መልካም መሆኑን የሚመለከት ነው። ዓይን ትልቅ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ያለ ዕውቀት ሲፈርድ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። በሜዲቴራኒያን ባሕር ሥር ፖሲዶንያ የሚባል ረዥም ቅጠል ያለው ሣር ይበቅላል። በመከር ወራት ቅጠሉ ይረግፍና ማዕበሉ ወደ ዳር አውጥቶ ይከምረዋል። የደረቀው ክምር ቡናማ ነው፤ ሽታም አለው። ለዕረፍት የመጣው ሰው ይህን አይቶ «ዳርቻው ቆሻሻ ነው» ይላል፤ ማዘጋጃ ቤቱም እንግዳው እንዳይሸሽበት ብሎ በመኪና ያስጠርገዋል። ነገር ግን ያ ክምር የዳርቻው ጋሻ ነው። የክረምቱ ማዕበል ሲመጣ ኀይሉን በክምሩ ላይ ይጨርሳል፤ አሸዋውም በቦታው ይቀራል። ክምሩ የተጠረገበት ዳርቻ ግን አሸዋውን ከዓመት ወደ ዓመት እያጣ ሊሄድ ይችላል። እንግዲህ እንግዳው ለአሸዋው ውበት ሲል ያስጠረገው፥ አሸዋውን ያቆየለትን ጠባቂ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ በፊሊፒንስ አገር በቦራካይ ደሴት ታየ። ቦራካይ አሸዋዋ እንደ ዱቄት የላመና የነጣ ስለሆነ ስሟ በዓለም የታወቀ ነው። የሚያየው ሰው ሁሉ «ከዚህ የነጻ ቦታ የለም» ይል ነበር። ነገር ግን ከሆቴሎቹ አንዳንዶቹ እድፍ ውሃቸውን በስውር ቧንቧ ወደ ባሕሩ ይለቁ እንደ ነበር ተገኘ። መንግሥትም ደሴቲቱን ከኤፕሪል 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለስድስት ወር ለጐብኚ ዘጋት። እንግዲህ በአንዱ ቦታ ቆሻሻ የመሰለው ጠባቂ ሆነ፤ በሌላው ቦታ ንጹሕ የመሰለው እድፍ ሆነ። የሰውም ነገር እንዲሁ አይደለምን? ልብሱ የጐሰቈለው ቤታችንን ሲጠብቅልን፥ ሸማው የነጣው ቤታችንን ሲያፈርስ ስንት ጊዜ አይተናል?

እንግዲህ ዓይን ብቻ ካልበቃ ምን ይደረግ? ዕውቀት ይጠየቅ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚዋኙበት ውሃ በየጊዜው በላቦራቶሪ እየተመረመረ፥ ከሰውና ከእንስሳ እድፍ የሚመጡት ተሕዋስያን እየተቈጠሩ፥ እጅግ መልካም፥ መልካም፥ የሚበቃ፥ መጥፎ እየተባለ በአራት ደረጃ ይመደባል፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጣል። በ1985 ዓ.ም. በፈረንሣይ አገር ተጀምሮ ወደ ብዙ አገር የተስፋፋ ሰማያዊ ሰንደቅ የሚባል ምልክትም አለ፤ ይህም የሚሰጠው የውሃው ንጽሕና፥ የዋናተኛው ደኅንነት፥ የቦታው አያያዝና ለጐብኚው የሚሰጠው ትምህርት ተመርምሮ ነው። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ደግሞ ወደ ውሃው መግባት ክልክል ነው። ብዙ ጐበዝ ወጣት «እኔ ዋና ዐዋቂ ነኝ» ብሎ ይህን ባንዲራ በመናቁ ጠፍቷል። ከዳር ወደ ጥልቁ የሚጐትት ጅረት አለ፤ ይህ ጅረት የያዘው ሰው ፊት ለፊት ወደ ዳር ለመመለስ ቢታገል ይደክምና ይሰጥማል፤ ሳይደነግጥ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ጐን ቢዋኝ ግን ከጅረቱ ይወጣል። ዐዋቂ ማለት ሁልጊዜ ፊት ለፊት የሚታገል ሳይሆን የነገሩን ጠባይ መርምሮ የሚያልፍ መሆኑን ባሕሩ ራሱ ያስተምራል።

ሦስተኛው ጥያቄ የሚከብደው ነው፤ የምሄድበት ቤት የማን ነው? አባቶቻችን ስለ እንግዳ ክብር ብዙ አስተምረውናል፤ የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ የመጣውን እግሩን አጥበው፥ መደቡን ለቀውለት፥ ያላቸውን አቅርበውለት ያሳድሩታል። ነገር ግን እንግዳውም ሥርዓት እንዳለው አስተምረውናል። እንግዳ ጓዳ አይገባም፤ ያልቀረበለትን አይጠይቅም፤ ሲሄድም ከቤቱ ዕቃ አንሥቶ አይሄድም። ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰውም እንግዳ ነው፤ የቤቱም ባለቤቶች ብዙ ናቸው።

በግሪክ አገር በዛኪንቶስ ደሴት ላጋናስ በሚባለው ሰላጤ የባሕር ኤሊዎች በበጋ ሌሊት ወደ አሸዋው ወጥተው ጕድጓድ ይቈፍራሉ፤ በአንድ ጊዜም ወደ መቶ የሚሆን ዕንቍላል ጥለው አሸዋ አልብሰውት ይመለሳሉ። ከሁለት ወር ያህል በኋላ ጫጩቶቹ በሌሊት ይፈለፈሉና ብርሃን ወደሚታይበት ወገን ይሮጣሉ፤ ከጥንት ጀምሮ የከዋክብትና የጨረቃ ብርሃን በባሕሩ ላይ ስለሚያበራ፥ ብርሃንን የተከተለ ሁሉ ባሕሩን ያገኝ ነበር። አሁን ግን የሆቴልና የመሸታ ቤት መብራት ከኋላቸው ስለሚበራ ጫጩቶቹ ተሳስተው ወደ የብስ ይሄዱና ያልቃሉ። ለጥላ የሚተከለውም ብረት ዕንቍላሉን ይወጋዋል። ስለዚህ በ1999 ዓ.ም. ቦታው ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ ኤሊዎቹ የሚወልዱባቸውም ዳርቻዎች ሌሊት ለሰው የተዘጉ ሆኑ። ቀን ለእንግዳው፥ ሌሊት ለባለቤቱ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ፍርድ አይገኝም።

በሰርዲኒያ ደሴት ደግሞ የሰው ጥፋት ሌላ ነው፤ በዚያ ጐብኚው አሸዋውን ይዞ ይሄዳል። በ2019 ዓ.ም. ሁለት የውጭ አገር ሰዎች 40 ኪሎ ያህል አሸዋ በ14 የላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው በመኪናቸው ጭነው መርከብ ሊሳፈሩ ሲሉ ተያዙ፤ ሲጠየቁም ለመታሰቢያ ነው አሉ። አሸዋ መውሰድ እስከ 3000 ዩሮ የሚያስቀጣ ነው። ላ ፔሎዛ በሚባለው ዳርቻ በበጋ በቀን ከ1500 ሰው በላይ አይገባም፤ የሚገባውም ፎጣውን ከምንጣፍ በላይ ካልሆነ በቀር በአሸዋው ላይ አያነጥፍም፤ ፎጣ አሸዋን ይዞ ይሄዳልና። ቡዴሊ በምትባለው ደሴት ያለው፥ አሸዋው እንደ ጽጌረዳ ቀይ ወደ ነጭ የሚያደላው ዳርቻማ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ፈጽሞ ተዘግቷል፤ ሰው ከሩቅ ያየዋል እንጂ አይረግጠውም።

«አንድ ጠርሙስ አሸዋ ብወስድ ባሕሩ ይጐድላልን?» የሚል ሰው ይኖራል። በቋንቋችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። ይህ ምሳሌ ስለ መረዳዳት የተነገረ ነው፤ ነገር ግን ገልብጠን ብናየው ስለ ጥፋትም ያስተምረናል። ጥፋትም ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ እንደ ጌጥ ይቀልለዋል፤ ሸክሙን የሚሸከመው ግን ቦታው ነው። ማንም ሰው «ማያን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አላለም፤ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሄደው። ስለዚህ ሰው ሥራውን ሲመዝን «የኔ ብቻ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሳይሆን «ሁሉ እንደኔ ቢያደርግ ምን ይሆናል?» ብሎ ይመዝን።

ሌላው ደግሞ «ከፍያለሁ፤ የከፈለ ሰው እንግዳ ሳይሆን ባለመብት ነው» ይላል። ለመኝታው፥ ለምግቡ፥ ለጥላው ከፍለሃል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ለኤሊዋ የከፈልህላት ምንድን ነው? ጐብኚ በመብዛቱ የቤት ኪራይ ከዐቅሙ በላይ ሆኖበት ከተወለደበት ሰፈር ለሚሰደደው ሰውስ የሚደርሰው ምን ያህል ነው? በጁላይ 2024 ዓ.ም. በባርሴሎና ከተማ ሰልፍ የወጡ ነዋሪዎች በጐብኚዎች ላይ በአሻንጕሊት ሽጕጥ ውሃ የረጩት በዚህ ምሬት ነበር። እንግዳን ውሃ መርጨት የሚመሰገን ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ባለቤቱ እንግዳውን እስኪረጭ ድረስ ያደረሰው ምን እንደሆነ መጠየቅ የዐዋቂ ሰው ፈንታ ነው። በሌላ ወገንም ሚዛናችን እንዳያደላ፥ በእንግዳ የሚኖረው ሰው ብዙ መሆኑን አንርሳ። ቦራካይ ስድስት ወር ስትዘጋ የአልጋ አንጣፊዋም፥ የጀልባ ቀዛፊውም እንጀራ አብሮ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ «ከቶ አትሂዱ» ማለት ሁልጊዜ ጽድቅ አይደለም። ጽድቁ እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ እንግዳ መሄድ ነው።

እስካሁን የተናገርነው የሚከፈልና የሚጠገን ነገር ነው፤ ኮራል ይተከላል፥ አሸዋ ይመለሳል። አሁን ግን ወደማይጠገነው እንመጣለን። ላምፔዱዛ የምትባል ትንሽ የኢጣልያ ደሴት አለች፤ ከሲሲሊ ይልቅ ለቱኒዝያ የምትቀርብ ናት። በዚያች ደሴት የጥንቸሎች ዳርቻ የሚባል ቦታ አለ፤ ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ጀልባው በአየር ላይ የቆመ ይመስላል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ትሪፕ አድቫይዘር የተባለው የመንገደኞች ድርጅት ይህን ዳርቻ ከዓለም ዳርቻዎች ሁሉ የበለጠ መልካም ነው ብሎ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3 ቀን ሌሊት ሊነጋ ሲል፥ ከሊብያ ከ500 በላይ ስደተኞች ጭኖ የመጣ መርከብ ከዚሁ ዳርቻ እጅግ ሳይርቅ ሞተሩ ቆመ። በመርከቡ የነበሩት ሰዎች ምልክት ለመስጠት ብርድ ልብስ አቃጠሉ፤ እሳቱ ሲያይል ሕዝቡ ደንግጦ ወደ አንድ ወገን ሸሸ፤ መርከቡም ተገለበጠ። 368 ሰዎች ሞቱ፤ 155 ብቻ ተረፉ። ከሟቾቹ የሚበልጡት ኤርትራውያን፥ ጐረቤቶቻችንና የሥጋ ዘመዶቻችን ነበሩ። የሬሳ ሣጥናቸውም በደሴቲቱ አውሮፕላን ማረፊያ መጋዘን ውስጥ በረድፍ ተደረደረ።

እነሆ በአንድ ዓመት ውስጥ፥ በአንድ ዳርቻ፥ አንዱ የዓለምን ታላቅ ደስታ፥ ሌላው ሞትን አገኘ። አንዱ በአውሮፕላን መጥቶ በፈቃዱ ወደ ውሃው ገባ፤ ሌላው ባሕር ተሻግሮ ሳይፈቅድ ገባበት። ሁለቱም ወደዚያ የመጡት የተሻለ ነገር ፍለጋ ነበር። እንግዲህ ከዚያ በኋላ በጋ ሲመጣ ወደዚያ ዳርቻ ሄዶ መዋኘትና መሣቅ ይገባልን? ይህ በእውነት ከባድ ጥያቄ ነው፤ ልጆቻቸውን ይዘው በአውሮፓ ለሚኖሩት ወገኖቻችንም የቅርብ ጥያቄ ነው።

አንዳንዱ «አይገባም፤ መቃብር ላይ አይጨፈርም» ይላል። ይህ የሐዘን ድምፅ ነው፤ ልናከብረው ይገባል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ብንከተለው ባሕር ሁሉ መቃብር ነው፤ የብስም እንዲሁ። ይልቁንም የላምፔዱዛ ሰዎች በዓሣና በእንግዳ የሚኖሩ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ደሴታቸውን ቢሸሽ፥ ሬሳ ያነሡና የተረፉትን የተቀበሉ ሰዎች ስለ ምሕረታቸው ተቀጡ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ «ያለፈው አልፏል፤ ዕረፍቴን በሐዘን አላበላሽም፤ አትንገሩኝ» ይላል። ይህ ከፊተኛው የባሰ ነው። ፊተኛው የሞቱትን አክብሮ ሕያዋንን ረሳ፤ ይኸኛው ግን ሁለቱንም ረሳ። ሳያውቅ የሚደሰት ሰው አይነቀፍ ይሆናል፤ እንዳያውቅ ጆሮውን ደፍኖ የሚደሰት ግን ደስታው ራሱ በፍርሃት የተያዘ ነው።

መልሱን ከፍልስፍና መጻሕፍት ሳይሆን ከዚያው ሌሊት እናገኘዋለን። በዚያች ሌሊት ጥቂት ወዳጆች ለመዝናናት በትንሽ ጀልባ ወጥተው በባሕሩ ላይ ዐድረው ነበር። ሊነጋ ሲል ከሩቅ ድምፅ ሰሙ፤ በመጀመሪያ የባሕር ወፎች ጩኸት መሰላቸው። ቀርበው ሲያዩ ግን የሚጮኸው ሰው ነበር። ጀልባቸው ትንሽ ናት፤ ሰው ሲበዛባት ልትሰጥም ትችላለች። ሰዎቹም በነዳጅ ዘይት ተለውሰው ስለ ነበር ከእጅ ያሟልጩ ነበር። ሆኖም እየጐተቱ 47 ሰው አወጡ። ከነዚህ ወዳጆች አንዱም «እኛ ለዕረፍት ነው የወጣነው፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» አላለም። ዕረፍታቸውን አቋረጡ፤ በማቋረጣቸውም የዕረፍታቸውን ትክክለኛነት አሳዩ።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ነገር ፍሬ ይህ ነው ብለን እናምናለን። መልካም ዕረፍት ማለት ሊቋረጥ የሚችል ዕረፍት ነው። የሰው ጩኸት ሲሰማ ከአሸዋው የሚነሣ ሰው በአሸዋው ላይ መተኛት ይገባዋል። ጩኸት እንዳይሰማ ብሎ ሩቅና ስውር ዳርቻ የሚፈልግ ግን፥ ምንም ቢከፍል፥ ምንም ሕግ ባይተላለፍ፥ ዕረፍቱ ሽሽት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ያነሣነው «የጣዕም ነገር ነው እንጂ የግብረ ገብ ነገር አይደለም» የሚለው አባባል እኩሌታው ብቻ እውነት ነው። ነጭ አሸዋ ወይም ጥቍር ዐለት፥ የሞቀ ውሃ ወይም የቀዘቀዘ መውደድ የጣዕም ነገር ነው። በማን ዓይን እንደምንመርጥ፥ ምን ያህል አውቀን እንደምንፈርድ፥ በሰው ቤትም እንዴት እንደምንገባ ግን የኅሊና ነገር ነው።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ «እኛ ወደ ውጭ አገር ባሕር መቼ ሄድንና ይህ ሁሉ ይነገረናል?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚሄድም፥ ለበዓል ወደ አያቱ ቀዬ የሚወርድም ይህንኑ ሦስት ጥያቄ ይዞ መሄድ ይችላል። ሐይቁ ለዓሣ አጥማጁ የእንጀራ ገበታ ነው፤ ጠርሙስ ሰብሮበት የሚመለስ ወጣት የአጥማጁን ልጅ እግር እንደሚያቈስል ያስብ። የባላገሩ ጸጥታ የባላገሩ ሀብት ነው፤ ሌሊቱን ሁሉ በጩኸት የሚያናውጠው ከተሜ እንደ ኤሊዎቹ ጫጩቶች መንገዱን የሚስትበት ሰው መኖሩን ይወቅ።

እናንተ ወጣቶች፥ የዕረፍት ጊዜያችሁ ሲደርስ ደስ ብሏችሁ ሂዱ፤ ደስታ ኀጢአት አይደለምና። ስም ያለውን ሳይሆን የሚስማማችሁን ምረጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ቦታው አንብቡ፤ የሚኖርበትን ሰው አክብራችሁ በቋንቋው ሰላምታ መስጠት ተማሩ። የተከለከለውን አጥር አትዝለሉ፤ ባለቤቱ ሲተኛ መብራታችሁን አጥፉ። ስትመለሱም ከዳርቻው ምንም አታንሡ፤ የራሳችሁንም ቆሻሻ አትተዉ። በዚያም ሳላችሁ ጆሯችሁን ክፍት አድርጉ፤ ከማዕበሉ ድምፅ መካከል የሰው ድምፅ ሊኖርበት ይችላልና።